80 ስላይድ፣ 3 ቀን፦ የአንድ የሥነ ጥበብ ክፍል የምስል ቤተ መጻሕፍትና የውሰት ደንቡ

ከአራት ኪሎ በእግር ይደረስበታል፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል የምስል ቤተ መጻሕፍት ነው። ስሙን አንጠቅስም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቀውም ወደዚያ የሚሄደው በመምህሩ ደብዳቤ ስለሆነ አቅጣጫው ከደብዳቤው ጋር ይነገረዋል። እዚህ የምንመዝነው የውሰት ደንቡን ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ላይ ላዩን ሲነበብ የቢሮ ክፋት ይመስላል፦ ይህ አይቻልም፣ ያ አይፈቀድም፣ ያለ ደብዳቤ አይስተናገድም። ከስላይድ ጋር፣ ማለትም በትንሽ ፍሬም ከታሰረና በፕሮጀክተር ሸራ ላይ ከሚበራ የፊልም ምስል ጋር፣ የኖረ ሰው ግን ከእያንዳንዱ «አይቻልም» ጀርባ አንድ የተበላሸ ፊልም እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ደንቡ ተዋሹን በዓይነ ቁራኛ ሲጠብቅ የራሱን መደርደሪያና የራሱን መለያ ጽሑፍ ረስቷቸዋል።

መምህር እስከ 80 ስላይድ ለ3 የሥራ ቀን ይዞ ይወጣል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ 40 ለ2 ቀን። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እዚያው ላይት ቦክስ (ከሥሩ የሚበራ የማያ ጠረጴዛ) ላይ ያያል እንጂ አያወጣም፤ ለክፍል አቀራረብ ከፈለገ መምህሩ በራሱ ስም ፈርሞ ያወጣለታል። ከውጭ የሚመጣ ተመራማሪ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን የሚያገኘው ማየትንና የዲጂታል ቅጂን ብቻ ነው።

80 የተባለው እንዲሁ የተጣለ ቁጥር አይደለም፤ የካሩሰል ፕሮጀክተር መደበኛ ክብ ትሪ የሚይዘው ያንን ያህል ነው። ባለ 140 ትሪም አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ግን አያውስም፤ ትክክል ነው። 140 የሚይዘው ክፍተቶቹ ስለጠበቡ እንጂ ትሪው ስለተለቀ አይደለም። ቀጭን የካርቶን ፍሬም በደህና ይገባበታል፤ በመስታወት መካከል የታሸገ ስላይድ ወይም ጠርዙ የተላጠ ካርቶን ግን መግባቱ ይገባል፣ መውጣቱ ላይ ይቀረቀራል። ከዚያ ተናጋሪው መድረክ ላይ ቆሞ በብዕር ሲጎረጉር አዳራሹ ይስቃል።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንየው፤ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ካታሎግ ነው፤ የመጀመሪያው ራስ ምታትም እዚሁ ይጀምራል። የድሮው የካርድ ሣጥን ሲደራጅ የፈረንጅ ልማድ ስለተከተለ አርቲስቶቹ በአባት ስም ተደርድረዋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ፈልጎ «ገ» ሥር የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያሉት «ደ» ሥር ነው። አፈወርቅ ተክሌም «ተ» ሥር ናቸው። በኋላ የተጨመሩት ካርዶች ደግሞ በራስ ስም ስለገቡ የአንዱ ሠዓሊ ሥራ ሁለት መሳቢያ ውስጥ ተከፍሎ ተቀምጧል። በአገራችን ሰው የሚጠራው በስሙ ነው፤ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት እንኳ የተጠራው በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም የራስ ስም ነው፤ «የፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት» የሚል ሰው የለም። እስኪስተካከል ድረስ መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁለቱንም መሳቢያ መክፈት። የኮምፒውተሩ ዝርዝር ላይ ደግሞ ፊደሉን መቀያየር ያስፈልጋል። «ሥላሴ» ተብሎ የገባው «ስላሴ» ተብሎ ሲፈለግ አይመጣም፤ «ፀሐይ»ም እንዲሁ በ«ጸ» አይገኝም። እስክንድር ቦጎሲያን በአማርኛ ካልተገኙ «አሌክሳንደር» ብሎ መሞከር ነው።

የስላይዱ ቁጥር ከተገኘ በኋላ ቅጹ በሁለት ቅጂ ይሞላል። ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ አርእስቱም አብሮ ይጻፍ። የመሳቢያዎቹ ተራ ቁጥር በአንድ ወቅት ስለተቀየረ በአሮጌው ካርድ ላይ ያለው ቁጥር አንዳንዴ ወደ ሌላ ሥዕል ይመራል።

ሦስተኛው የላይት ቦክሱ ምርመራ ነው። ሠራተኛዋ ስላይዶቹን ቆጥራ ስታስረክብ «ፈርም» የምትለውን ፊርማ ለአሥር ደቂቃ ያዘግዩት። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይዩ። መስታወቱ ተሰንጥቋል? የሸረሪት ድር የመሰለ ክር አለ? ቀለሙ ወደ ቀይ ነድዷል? ያዩትን ሁሉ «ከውሰት በፊት የነበረ ጉዳት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ያስሞሉ። ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፤ በቃል ግን ማንም አይነግርዎትም፤ ሳጥኑም ከቅጹ ጀርባ ነው። ባዶ ከተተወ ሲመለስ የሚገኘው ስንጥቅ ሁሉ የተዋሹ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የተገለበጠ ስላይድ ይፈተሽ። ከካሜራ በቀጥታ የወጣ ስላይድ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ተመልካቹ ሲሆን ምስሉ በትክክል ይነበባል፤ ደብዘዝ ያለው፣ በዘንበል ብርሃን ሲታይ ምስሉ እንደ ማኅተም ከፍ ዝቅ ብሎ የሚታይበት ፊት ከኋላ ይሆናል። ከሌላ ስላይድ በተባዛ ኮፒ ላይ ይህ አያስተማምንም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሆነ ግን ዳኛው ቀላል ነው፦ ከሥዕሉ በላይ የተጻፈው ግእዝ ወደ ኋላ ከተነበበ ስላይዱ ተገልብጧል። ጽሑፍ ከሌለም እጅ ይታያል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን በግራ ከያዘ፣ የሚባርከው እጅም ግራ ከሆነ መጠራጠር ይገባል። ከስብስቡ ውስጥ በፍሬሙ ላይ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ ነጥብ በተሳሳተ ጥግ የተለጠፈባቸው ጥቂት አይደሉም።

ስለ ነጥቡ እናንሣ፤ ደንቡ «ነጥቡን መንካት ክልክል ነው» ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርም። ስላይዱ በእጅ ተይዞ ቀጥ ብሎ ሲነበብ ነጥቡ በታች ግራ ጥግ ላይ ይሆናል። ትሪው ላይ የሚገባው ግን ተዘቅዝቆ ነው፤ ሌንሱ ይገለብጠዋልና። ስለዚህ ከፕሮጀክተሩ ኋላ ቆሞ ወደ ሸራው ለሚያይ ሰው 80ውም ነጥብ በላይ ቀኝ ጥግ ተሰልፎ መታየት አለበት። አንዱ ከሰልፉ ከጎደለ ያ ስላይድ ሸራው ላይ ተዘቅዝቆ ይወጣል ወይም ፊቱን አዙሯል። በጨለማ ውስጥ ሳይሆን ቀድሞ በብርሃን የሚታረም ስህተት ነው።

ከዚያ መታወቂያ ማስያዝ። ይህ አንቀጽ ሳይታሰብበት የተጻፈ ነው። የዩኒቨርሲቲውን መታወቂያ ይይዛሉ፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ የግቢው ጥበቃዎች መልሰው አያስገቡም፤ ስለዚህ ስላይዱን ሊመልስ የመጣ ሰው በር ላይ ይቆማል። የቀበሌ መታወቂያ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ይቻላል።

ማጓጓዣውን በተመለከተ ደንቡ ጥብቅ ነው፤ እኛም ከደንቡ ጋር ነን። በክዳን የሚዘጋ ጠንካራ ሣጥን ያስፈልጋል። ፌስታል አይቻልም፣ ፖስታ አይቻልም፣ በላስቲክ ማሰር በፍጹም አይቻልም። ላስቲኩ ሲያረጅ ይቀልጥና ካርቶኑ ላይ ይጣበቃል፤ በውስጡ ያለው ድኝም ለፊልም ጠላት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም ያው ነው።

የፕሮጀክተሩ ውሰት የተለየ ቅጽ አለው፤ ከደንቡ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ክፍልም ይህ ነው። አንድ ስላይድ ከአንድ ደቂቃ በላይ በብርሃኑ ፊት አይቆይም። ተናጋሪዎች ይህን ይጠሉታል፤ ነገር ግን ምክንያቱ የታወቀ ነው። የ24 ቮልቱ ሃሎጅን አምፖል 250 ዋት ነው፤ ሙቀቱ ፊልሙን ያጎብጠዋል። ጥርት ብሎ የነበረው ምስል ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ድንገት የሚደበዝዘው ፊልሙ በካርቶኑ ውስጥ ስለሚነፋ ነው እንጂ ሌንሱ ስለተበላሸ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ነው። የማስወጫውን ቀዳዳ በመጋረጃ ወይም በመጽሐፍ መጋረድ እዚህ የበለጠ ያስቀጣል።

ከሙቀቱ ሌላ ብርሃኑ ራሱ ቀለም ይበላል፤ ፊልሞቹ ግን እኩል አይጎዱም። ከኮዳክ ሁለት የስላይድ ፊልሞች አንዱ፣ ኮዳክሮም፣ በጨለማ መደርደሪያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቀለሙን ይጠብቃል፤ በፕሮጀክተር ፊት ግን ቶሎ ይደክማል። ሌላው፣ ኤክታክሮም፣ በተቃራኒው ብርሃኑን ይበልጥ ይቋቋማል፤ የድሮዎቹ ግን ማንም ሳይነካቸው በሣጥን ውስጥ ሰማያዊ-አረንጓዴው ቀለማቸው እየሳሳ ወደ ቀይ ይነድዳሉ። የፍሬሙን ጽሑፍ አይቶ መለየት ይቻላል። ደንቡ ሁለቱን ሳይለይ አንድ ደቂቃ ማለቱ ለኮዳክሮሙ ብዙ ነው እንላለን፤ ለእሱ ሰላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ኮዳክሮም ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆሟል፤ የመጨረሻው ላብራቶሪም ፊልም መቀበል ያቆመው በ2010 መጨረሻ ነው። የጠፋው አይተካም ማለት ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ወረቀቱ ላይ «ሠራተኛ ይጠራ» ብቻ ይላል፤ ሠራተኛ እስኪመጣ ግን ማራገቢያው ቆሟል፣ አምፖሉ ግን እንደጋለ ነው። መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ መብራት ሲመጣ የሚከተለው ግፊት አምፖሉን ይጨርሰዋልና። በትሪው መሐል ያለውን ቀዳዳማ ብሎን በሳንቲም ያዙሩና ትሪውን ቀጥ አድርገው ያንሡ፤ በፕሮጀክተሩ የብርሃን መስኮት ላይ የቀረውን ስላይድ ጠርዙን ብቻ ይዘው ያውጡ። ትሪውን እንደያዙ አያዘንብሉት። በዚህ መንገድ የተነሣ ትሪ ከሥሩ ያለው የብረት ሳህን ዜሮ ላይ ስላልሆነ ስላይድ በቀዳዳው ሊወድቅ ይችላል። የላዩን ቀለበት አጥብቀው ትሪውን ይገልብጡና ሳህኑ ዜሮው ላይ ቀጭ እስኪል ድረስ ያዙሩት። በሰላም ጊዜም ሲዘጋ አምፖሉ ጠፍቶ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ ይዙር፤ አምፖል የሚቀይር ሰውም ብልቃጡን በጣቱ አይንካ፤ የጣት ቅባት በሙቀት ተቃጥሎ ብርጭቆውን ያፈነዳል።

እስካሁን ያወራነው የደንቡን ደህና ጎን ነው። አሁን ወደ መደርደሪያው እንምጣ።

ግማሽ ያህሉ ስብስብ በፕላስቲክ ኪስ ገጽ ውስጥ ነው፤ ኪሱም የአዲስ ዝናብ ልብስ ሽታ አለው። ያ ሽታ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ሲያረጅ ይላባል፣ ፊልሙ ላይ ይለጠፋል፣ የሚያወጣው ጋዝም ቀለሙን ይጎዳል። ሽታ የሌለው የፖሊፕሮፒሊን ኪስ ይህ ሁሉ የለበትም። ተዋሹን በላስቲክ አሰርክ ብሎ የሚቀጣ ቤት ራሱ ስላይዱን በፒቪሲ ማልበሱ አስቂኝ ነው። ተዋሽ ማድረግ የሚችለው ሠራተኛዋ ፊት ቀስ ብሎ ማውጣት ነው፤ ከተጣበቀ አይጎትት፣ ገጹን እንዳለ አስረክቦ ሌላ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ክረምት ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ምስሉን የያዘውን የፊልሙን ጀላቲን መብላት ይጀምራል፤ በመስታወት የታሸጉት ደግሞ እርጥበቱን ይዘው ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ስላይድ ሲበራ ሸራው ላይ እንደ ጉም የሚሳብ ጥላ ይታያል፤ በውስጡ የታሰረው ውሃ እየተነነ ነው። ቀስተ ደመና የመሰሉ ቀለበቶች ከታዩ ግን ሻጋታ አይደለም፤ ለስላሳ መስታወትና ፊልም ሲነካኩ የሚፈጠሩ የኒውተን ቀለበቶች ናቸው፤ ምስሉን ቢያስጠሉም ፊልሙን አይጎዱም። የሻገተውን በውሃ አይንኩ። ሻጋታ የበላው ጀላቲን በውሃ ይሟሟል፤ የጠረገ ሰው ምስሉን በጨርቁ ላይ ያገኘዋል። ቢሮው በየመሳቢያው እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ቢያስቀምጥና በየጊዜው ቢያደርቀው አብዛኛው ጉዳት ይቀር ነበር፤ ደንቡ ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ሦስተኛው የከፋው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ። «መለያ ጽሑፍ ላይ መሰረዝም መጨመርም ክልክል ነው» ይላል ደንቡ። መለያው ላይ «1953» ብቻ ተጽፏል። የማን አቆጣጠር? የአፍሪካ አዳራሽ በፈረንጅ 1961 ነው የተመረቀው፤ በእኛ 1953 ማለት ነው። እዚያው ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል «1953» ያለውን ስላይድ አይቶ በፈረንጅ የቆጠረ ተማሪ ሕንጻው ሳይኖር መስታወቱን ይሰቅላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ስለሆነ ወሩ ካልታወቀ ማካካሻውም ያወላውላል። ደንቡ ተዋሽ በእርሳስ በተለየ ወረቀት እርማት እንዲያቀርብ ቢፈቅድ፣ ቢሮው አጣርቶ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ቢጨምር፣ ወጪው የአንድ ሣጥን እርሳስ ነው። አሁን ግን ስህተቱ ከስላይዱ ጋር ተጠብቆ ይኖራል።

ዲጂታሉን በአጭሩ። በነጻ የሚሰጠው ረጅም ጎኑ 1,024 ፒክሰል የሆነ ጄፔግ ነው። ለሕትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲሰላ ከ9 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ለፓወርፖይንትም ቢሆን 1,920 ፒክሰል ስፋት ላለው ፕሮጀክተር ግማሹን ትንሽ አለፍ ይላል። ትልቁን መጠየቅ ይቻላል፦ 24 በ36 ሚሊ ሜትሩ ስላይድ በ4,000 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 5,669 በ3,780 ፒክሰል ግድም ይወጣዋል፤ ቲፍ በሚባለው ያልተጨመቀ የምስል ፋይል አንዱ ከ60 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ለኤ3 ሕትመትም ይበቃል። ማመልከቻ ይጻፋል፣ አንድ ሳምንት ይጠበቃል። ፍላሽ ባዶና ፎርማት የተደረገ ካልሆነ አይቀበሉም፤ የግቢ ኮምፒውተሮች ቫይረስ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። ስላይዱን አውጥቶ ደጅ በተራ ስካነር ማስነሣት አያዋጣም፤ ብርሃን ከኋላ የማያሳልፍ ስካነር የሚሰጠው ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። በስልክ ስክሪን ላይ አስቀምጦ ማንሣትም የስክሪኑን ነጠብጣብ አብሮ ያነሣል፤ ግድ ከሆነ ስላይዱ ከስክሪኑ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ቲፉን ያገኘ ሰው ማሳተም ይችላል ማለት አይደለም፤ ደንቡም ይህን ያድበሰብሰዋል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የሥዕሉ ግን የሠዓሊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት። ስለዚህ በ1960ዎቹ የተነሣ ስላይድ የፎቶ አንሺው መብት አልቆ የሠዓሊው ሊቀጥል ይችላል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፉት በ1973 ዓ.ም ስለሆነ ሥራቸው ገና በጥበቃ ሥር ነው፤ በ2004 ዓ.ም ያረፉት የአፈወርቅ ተክሌማ ብዙ ይቀረዋል። ለክፍል ማስተማሪያ ሕጉ በልኩ ይፈቅዳል፤ ስምና ምንጭ ይጠቀስ። ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለካላንደር፣ ለቲሸርት ግን ከቤተ መጻሕፍቱ የሚገኘው ፊርማ አይበቃም፤ ወራሾቹን ማግኘት ያስፈልጋል።

ቅጣቱ ላይ አንድ የሞተ አንቀጽ አለ፦ ስላይድ የጠፋበት ሰው «በጥራቱ ተመጣጣኝ የሆነ ስላይድ አሠርቶ» ይተካል። ይህ የተጻፈው ስላይድ እንደ ጉርድ ፎቶ በሚባዛበት ዘመን ነው። በተግባር ጉዳዩ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄዶ እዚያው ይከርማል፤ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ክሊራንሱ አብሮ ይከርማል።

ለመመለስ የሚሻለው ጠዋት ከ2:30 እስከ 5 ሰዓት ነው። አርብ የምሳ ሰዓቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ በዚያ መሐል የመጣ በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ አርብ ከሰዓት ያልተመለሰ ደግሞ እስከ ሰኞ እንደዘገየ ይቆጠራል። ሠራተኛዋ ፊት ላይት ቦክሱ ላይ አብረው ይቁጠሩ፤ «ጠረጴዛው ላይ ተወው» ቢባልም አይተዉት። ከሁለቱ የቅጽ ቅጂዎች የእርስዎ ላይ «ተመልሷል» ተብሎ ቀኑ ይጻፍበት፣ ይፈረምበት። ያቺን ወረቀት እስከ ክሊራንስ ቀን ያቆዩአት፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሚሰረዘው እሷ ስትቀርብ ነው።